ከሲአርፒው በፊት ውሎውን፦ በወሎ ውጥረትንና የሰውነት መቆጣትን ለሚያጠኑ ነርሶች

በወሎ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ውጥረትና የሰውነት መቆጣት (ኢንፍላሜሽን) እንዴት እንደሚገናኙ ማጥናት የሚፈልጉ ነርሶች አስቀድመው የሚጠይቁን ስለ ሲአርፒ (በመቆጣት ጊዜ በደም ውስጥ የሚጨምር፣ ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን) መመርመሪያ ኪት ነው፤ የትኛው ይሻላል፣ ስንት ያወጣል፣ ከየት ይገዛል። እኛ አስቀድመን የምንመልሰው ስለ ታካሚው ውሎና አዳር ነው። ደም ከመቀዳቱ በፊት በነበሩት ሁለት ቀናት ሰውየው ምን በላ፣ ምን ጠጣ፣ ስንት ሰዓት ተኛ፣ በእግሩ ምን ያህል ተጓዘ፣ ምን ክኒን ዋጠ የሚለው ካልተመዘገበ፣ ከማሽኑ የወጣው ቁጥር የውጥረት ይሁን የጉንፋን መለየት አይቻልም። ይህን ጠይቆ እውነተኛ መልስ የሚያገኘው ደግሞ አልጋው አጠገብ የሚውለው ነርስ ነው።

መነሻው እንዲህ ነው። አንጎል አደጋ ሲያይ ሁለት መንገድ ይከፍታል። ፈጣኑ የሲምፓቴቲክ ነርቭ ነው፤ በሰከንዶች ውስጥ አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን ይለቀቃሉ፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ የደም ግፊት ይጨምራል። ዘገምተኛው ከሃይፖታላመስ ተነስቶ በፒቱታሪ በኩል ኩላሊት ላይ ወደተቀመጠው አድሬናል ዕጢ ይወርዳል፤ መጨረሻው ኮርቲሶል ነው። ኮርቲሶል በተለመደው ጊዜ መቆጣትን ያበርዳል። ተማሪዎች ግራ የሚጋቡት እዚህ ላይ ነው፤ ውጥረት ኮርቲሶልን የሚያበዛ ከሆነ ሲአርፒ ለምን ከፍ ይላል? ውጥረቱ ለወራትና ለዓመታት ሲዘልቅ የመከላከያ ሴሎች ለኮርቲሶል ያላቸው ስሜት ይደነዝዛል። ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ የተባለው የሴል ውስጥ መቀስቀሻ ልጓሙ ይላላል፣ ኢንተርሉኪን-6 እና ቲኤንኤፍ-አልፋ የተባሉ ሳይቶካይኖች (የመከላከያ ሴሎች መልእክተኛ ፕሮቲኖች) ይመረታሉ፣ ኢንተርሉኪን-6 ደግሞ ጉበትን ሲአርፒ እንዲያመርት ያዘዋል። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ኮርቲሶሉ ከፍ ብሎ ላይገኝ ይችላል። እንዲያውም የጧቱና የማታው ልዩነት ጠፍቶ ቀኑን ሙሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ አንድ የኮርቲሶል ናሙና ብቻ ወስዶ «ውጥረት የለበትም» ማለት አይቻልም።

መንገዱ ወደ ኋላም ይሄዳል። ሳይቶካይኖቹ ለአንጎል መልእክት ሲያደርሱ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ የእንቅልፍ መዛባትና ከሰው መራቅ ይመጣል። የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው ፒኤችኪው-9 በተባለው የድባቴ መጠይቅ ላይ ከፍተኛ ነጥብ ሲያመጣ ከፊሉ ነጥብ ከበሽታው ራሱ የመጣ ሊሆን ይችላል። የትኛው የትኛውን እንዳመጣ በአንድ ጊዜ ልኬት አይታወቅምና፣ በአንድ ጊዜ ልኬት ብቻ የተሠራ ጥናት «ውጥረት መቆጣትን አስከተለ» ብሎ መደምደም የለበትም።

ነርሶች ይህን ጉዳይ የራሳቸው ሊያደርጉት የሚገባበትን ምክንያት ለማሳየት እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው የአሜሪካው የቁስል ጥናት ይበቃል። የመርሳት በሽታ ያለበትን ዘመድ የሚያስታምሙ 13 ሴቶችና በዕድሜና በገቢ የሚመስሏቸው ሌሎች 13 ሴቶች ክንዳቸው ላይ 3.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ተመሳሳይ ትንሽ ቁስል ተደረገላቸው። የአስታማሚዎቹ ቁስል በአማካይ 9 ቀን ዘግይቶ ዳነ። በእኛ ዋርዶች ሌሊቱን ወንበር ላይ ወይም አልጋ ሥር አንጥፎ የሚያድረው አስታማሚ ግን በጥናት ውስጥ ብዙም አይታይም። ርዕስ ለሚያማርጥ ሰው ከታካሚው ይልቅ አስታማሚውን እንዲያስብ አጥብቀን እንመክራለን፤ በሽታው ራሱ ውጤቱን የማደናገሩ ችግር በእሱ ላይ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ልኬቱ። በብዙ ላቦራቶሪ የሚገኘው የላቴክስ ሲአርፒ ከ6 ሚሊ ግራም በሊትር በታች ያለውን በግርድፉ «ኔጌቲቭ» ብሎ ያልፈዋል። ውጥረት የሚያመጣው ልዩነት በአብዛኛው የሚገኘው ከዚያ በታች ነው። ለልብ በሽታ ሥጋት የሚሠራበት አከፋፈል ከ1 በታች ዝቅተኛ፣ ከ1 እስከ 3 መካከለኛ፣ ከ3 በላይ ከፍተኛ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ኤችኤስ-ሲአርፒ የሚባለው፣ ዝቅተኛውን መጠን በቁጥር የሚለየው ምርመራ ነው። ከ10 በላይ ከሆነ አጣዳፊ ኢንፌክሽን ወይም ጉዳት አለ ብሎ መጠርጠርና ከሁለት ሳምንት በኋላ መድገም ነው። ያን ሰው እንዲሁ ወደ ትንተናው መክተት አማካዩን ያበላሻል።

ኢኤስአር (የቀይ ደም ሴሎች የመዝቀጥ ፍጥነት) በየጤና ጣቢያው ስላለ ብቻ በሲአርፒ ቦታ እንዳታስገቡት። የደም ማነስ፣ እርግዝናና ዕድሜ ከፍ ያደርጉታል፤ ለመውረድም ሳምንታት ይፈጅበታል። ከሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) የሚሰላው፣ የሁለቱ የነጭ ደም ሴል ዓይነቶች የኒውትሮፊልና የሊምፎሳይት ንጽጽር ግን ርካሽና ጠቃሚ ነው፣ ከመነሻ ልኬት ጋር የሚነጻጸር ከሆነ። በውጭ አገር መጽሔት ላይ ያለውን መቁረጫ ነጥብ አምጥቶ እዚህ መለጠፍ ግን ስህተት ነው። በብዙ ኢትዮጵያውያን ዘንድ የኒውትሮፊል ቁጥር ያለ ምንም በሽታ በተፈጥሮ ዝቅ ያለ ነው። ፌሪቲንም (ብረት የሚያከማቸው ፕሮቲን) እንዲሁ በመቆጣት ጊዜ ይጨምራል፤ የብረት እጥረትን የምትለኩ ከሆነ ሲአርፒን አብራችሁ ለኩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ 15፣ ኢንፌክሽን ወይም መቆጣት ላለበት 70 ማይክሮግራም በሊትር ብሎ መለያውን የለየው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ኢንፌክሽኑን መለየት ነው። በከሚሴ፣ በመርሳ፣ በቆቦና በቃሉ ቆላማ ቀበሌዎች ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ወባ ይበዛል። በሐይቅና በቦርከና ተፋሰስ ዙሪያ ቢልሃርዝያ አለ። የአንጀት ትላትሎች ደግሞ መቆጣቱን ራሱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዞሩታል። ስለዚህ ከቆላ የሚመጣ ተሳታፊ ፈጣን የወባ ምርመራ፣ ሁሉም ደግሞ የሰገራ ምርመራ ቢያደርጉ ወጪው ያዋጣል። ጥርስና ድድንም እዩ። የድድ በሽታ ለዓመታት ሲአርፒን ከፍ አድርጎ ይይዛል፣ በምራቅ ናሙና ውስጥም ደም ያስገባል። የሙቀት መጠን ከ37.5 በላይ የሆነ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ክትባት የወሰደ፣ ቁስል ያለበት ወይም ፀረ-ተሕዋስያን መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ሌላ ቀን ይቀጠር።

የውሎ ቅጽ ብለን የምንጠራው አንድ ገጽ ነው፤ ደም በሚቀዳበት ጧት ነርሷ ራሷ ትሞላዋለች። ትናንት ስንት ሰዓት ተኛ፣ ስንት ሰዓት ነቃ፣ ሌሊት ማኅሌት ወይም ተራዊህ ላይ ነበረ ወይ። ቡና ጠጥቷል ወይ፣ ከጠጣ አቦሉን ብቻ ነው ወይስ እስከ በረካ? ካፌይን ኮርቲሶልን ከፍ ያደርጋል። ጫት ቅሟል ወይ፣ መቼ? በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፤ የልብ ምትንና ግፊትን ይጨምራል፣ እንቅልፍንም ይሰርቃል። «ጫት ትቅማለህ?» ብላችሁ ብቻ ከጠየቃችሁ ብዙ ሰው አይነግራችሁም። «ትናንት ዱዓ ወይም ወዳጃ ነበረ? እስከ ስንት ሰዓት ቆያችሁ?» ብላችሁ ጀምሩ (ወዳጃ የጋራ ጸሎት ስብሰባ ነው)፣ ጫቱ በጨዋታ ይመጣል። በእንጨት ወይም በኩበት ጭስ ምግብ የምታበስል ሴት በቀን ስንት ሰዓት ጭስ ውስጥ እንደምትቆይ ይመዝገብ። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ የአስም መንፊያ፣ ስታቲን (የኮሌስትሮል መድኃኒት) ሁሉም ውጤቱን ይለውጣሉ። ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ሲአርፒን ከፍ ያደርጋል፣ በደም ውስጥ ያለውን ጠቅላላ ኮርቲሶልም ያሳድጋል። ምራቅ የሚለካው ነጻውን ኮርቲሶል ስለሆነ ለእነዚህ ሴቶች ይሻላል። የወር አበባ ቀኑም ይጻፍ።

መንገዱን አትርሱ። ከደላንታ ወይም ከአምባሰል ገጠር በእግሩ ሁለት ሦስት ሰዓት ወጥቶ ወርዶ መኪና ላይ የደረሰ ሰው ጡንቻው ኢንተርሉኪን-6 አምርቶ ነው የሚመጣው፤ ሲአርፒውም በማግሥቱ ሊጨምር ይችላል። ግማሽ ሰዓት ማሳረፍ ግፊቱን ያረጋጋል እንጂ ይህን አያጠፋውም፤ ከተቻለ ከተማ አድሮ ጧት ይምጣ፣ የማደሪያውና የመጓጓዣው ገንዘብም በበጀቱ ውስጥ ይያዝ። በመስከረም 21 የግሸን ንግሥ ሰሞን ናሙና መውሰድ አይገባም፤ ዳገቱን የወጣው ብዙ ነው። ረመዳንም የኮርቲሶልን የቀን ዑደት ያዛባል፤ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ስለሚመጣ የጥናቱን ሰሌዳ ስታወጡ አስቀድማችሁ ቁጠሩት። የመነሻው ልኬት ከጾም በፊት፣ የመጨረሻው በጾም ውስጥ ከዋለ ጣልቃ ገብነታችሁ (ውጥረትን ለመቀነስ የሰጣችሁት ሥልጠና) ያመጣውን ለውጥ አታገኙትም። ዐቢይ ጾምና ፍልሰታም እንደዚሁ።

ምራቅ ላይ ብዙ ጥናት ይበላሻል። ኮርቲሶል ሰው ከነቃ በኋላ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ውስጥ ከፍተኛው ላይ ይደርስና ቀኑን ሙሉ ይወርዳል፣ እኩለ ሌሊት ገደማ ዝቅተኛው ነው። ስለዚህ አራት ናሙና ያስፈልጋል፤ ዓይን እንደተገለጠ፣ በ30 ደቂቃ፣ በ45 ደቂቃ፣ እና ሊተኙ ሲሉ። ሰውየው ከነቃ በኋላ ውሃ ቀድቶ፣ ሶላቱን ሰግዶ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ምራቅ ከወሰደ ከፍታው አልፏል፤ ወረቀቱ ላይ ግን «ዜሮ ደቂቃ» ይላል። ጠርሙሶቹን ከምሽቱ ትራስጌ ማስቀመጥ፣ በስልክ መደወል፣ ሰዓቱን በራሱ እጅ እንዲጽፍ ማድረግ ይረዳል። ቢዘገይ ትክክለኛውን ሰዓት መጻፉ ሰዓቱን ከማስዋብ እንደሚሻል ንገሩት። ከናሙናው በፊት 30 ደቂቃ ምንም አይበላ፣ አይጠጣ፣ መፋቂያ አይጠቀም። አፉን በውሃ ካጉመጠመጠ 10 ደቂቃ ይጠብቅ፤ ያለዚያ ምራቁ ይቀጥናል። 1 ሚሊ ሊትር በራሱ ጊዜ ወደ ጠርሙሱ ይንጠፈጠፍ። ሎሚ አይላስ፣ ማስቲካ አይታኘክ። ሮዝ ቀለም የያዘ ናሙና ደም ገብቶበታልና ይጣል። ላቦራቶሪ ሲደርስ በ1500 ጂ ለ15 ደቂቃ ተሽከርክሮ ከላይ ያለው ጥርት ያለ ፈሳሽ ይወሰድ።

ሰዓቱን ስትመዘግቡ አንድ ነገር ተስማሙ። ተሳታፊው «ከጧቱ 1 ሰዓት» ሲል ኮምፒውተሩ 7:00 ሊያይ ይገባል፣ «ከምሽቱ 3 ሰዓት» ደግሞ 21:00። ቅጹ ላይ በኢትዮጵያ ሰዓት ይጻፍ፣ ለውጡን ዳታ የሚያስገባው አንድ ሰው ብቻ ያድርግ። ሁለት ሰው ከለወጠው የኮርቲሶል መስመሩ ተገልብጦ ይወጣል፤ ጧት ዝቅ፣ ማታ ከፍ። እንዲህ ያለ ግራፍ ስታዩ አዲስ ግኝት ነው ከማለታችሁ በፊት የሰዓቱን ዓምድ ፈትሹ።

የፀጉር ኮርቲሶል ማራኪ ነው፤ 1 ሴንቲ ሜትር በግምት የአንድ ወር ታሪክ ይይዛል። በእኛ አካባቢ ግን ቅቤ፣ ሒና፣ ሹሩባ፣ ለኀዘን የተላጨ ራስ፣ የወንዶች አጭር ፀጉር ሁሉም እንቅፋት ናቸው። ፀጉሩን ለማያውቀው ሰው መስጠት የሚከብደውም አለ። በቂ ምክንያት ከሌላችሁ ተዉት።

ደሙ ከተቀዳ በኋላ የሚፈጠር ስህተት አይታረምም። 5 ሚሊ ሊትር ይቀዳል፤ ለተሳታፊው «አንድ የሻይ ማንኪያ» ብላችሁ ማንኪያውን አሳዩት፣ ደም ይሸጣሉ የሚለው ፍርሃት ይቀንሳል። ለ30 ደቂቃ ረግቶ ወዲያው ይሽከረከር። ደሙ ሳይለይ ለሰዓታት ከቆየ በቱቦው ውስጥ ያሉት ሴሎች ራሳቸው ሳይቶካይን ያመርታሉ፤ ኢንተርሉኪን-6 ከፍ ብሎ ይወጣል፣ ሰውየው ግን ደኅና ነው። ሴረሙን (ከረጋው ደም የተለየውን ፈሳሽ) በ0.5 ሚሊ ሊትር ከፋፍሉት፤ ቀዝቅዞ የቀለጠን መልሶ ማቀዝቀዝ ሳይቶካይኖችን ይጎዳል። ለሲአርፒ ጥቂት ቀን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይበቃል። ለሳይቶካይን ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ያስፈልጋል፣ በበረዶ ጡብ ወደ አዲስ አበባ መላክም አይቻልም። በረዶውን ራሱ የሚያራግፍ የቤት ማቀዝቀዣ በየጊዜው ስለሚሞቅ ለዚህ አይሆንም። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ብርጭቆ ውሃ አቀዝቅዙና ሳንቲም ላዩ ላይ አስቀምጡ፤ ሳንቲሙ ወርዶ ከተገኘ ናሙናው ቀልጦ ነበር። የክትባት ማቀዝቀዣ ውስጥ ናሙና አታስገቡ። ላቦራቶሪ ከሌለበት ወረዳ የጣት ደም በማጣሪያ ወረቀት ላይ አድርቆ መላክ ይቻላል። የመጀመሪያው ጠብታ ይጠረጋል፣ ጣቱ አይጨመቅም፣ ክበቡ በአንድ ጠብታ ይሞላል፣ ከዚያ ሌሊቱን ደርቆ እርጥበት መጣጭ ባለበት ከረጢት ይታሸጋል።

ኤላይዛ (ሳይቶካይን በባለ ጉድጓድ ሳህን ላይ የሚለካበት ምርመራ) የምታሠሩ ከሆነ በጀቱን በሳህኑ አስሉ። 96 ጉድጓድ አለው፤ ሰባት ስታንዳርድና አንድ ባዶ በጥንድ 16፣ ሁለት ኮንትሮል በጥንድ 4፣ የሚቀረው 76 ነው፤ ስለዚህ በጥንድ 38 ናሙና። የአንድ ሰው የፊተኛውና የኋለኛው ናሙና በአንድ ሳህን ላይ ይሁን። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ኢንተርሉኪን-6 በጣት የሚቆጠር ፒኮግራም በሚሊ ሊትር ስለሆነ ተራ ኪት አያየውም፤ ከፍተኛ ስሜት ያለውን እዘዙ።

መጠይቁ ላይ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ፒኤስኤስ-10 (ሰው የሚሰማውን ውጥረት የሚለካ ባለ 10 ጥያቄ መጠይቅ) ነው፤ ነጥቡ ከ0 እስከ 40፣ ጥያቄ 4፣ 5፣ 7 እና 8 ተገልብጠው ይቆጠራሉ። የሚገለበጡትን መርሳት ወይም ጮክ ብሎ ሲነበብ መደነጋገራቸው የተለመደ ነው። ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች አምስቱን የመልስ ደረጃ በባቄላ ፍሬ አሳዩ፤ ባዶ እጅ «በጭራሽ»፣ አራት ፍሬ «ሁልጊዜ»። በከሚሴ በኩል ለኦሮምኛ ተናጋሪዎች የአማርኛውን ቅጽ በቃል እየተረጎሙ መጠየቅ ልኬቱን ያፈርሰዋል፤ አስቀድሞ ተተርጉሞ፣ ተመልሶ ተተርጉሞ የተፈተነ ይሁን። ከዚህም በላይ ፒኤስኤስ ያለፈውን አንድ ወር ብቻ ይጠይቃል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር በደሴና በኮምቦልቻ ጦርነቱን ያለፈ ሰው፣ ወይም የ1977ቱን ረሃብ በልጅነቱ ያየ ጎልማሳ ሸክሙ በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። የልጅነት መከራ በጉልምስና ከሚታይ የሲአርፒ ከፍታ ጋር እንደሚያያዝ ይታወቃል። ስለዚህ የሕይወት ክስተት መጠይቅ ወይም 20 ጥያቄ ያለው ፒሲኤል-5 (ከመከራ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት መጠይቅ) ይጨመር፣ ደሙ ከተቀዳ በኋላም ይጠየቅ። መከራውን ያወራ ሰው ኮርቲሶሉ በዚያው ሰዓት ይለወጣል።

ጣልቃ ገብነት ለምታስቡ፣ በነርስ አቅም የሚሠራው ብዙ ነው። ቀስ ያለ አተነፋፈስ፣ 4 ሰከንድ ወደ ውስጥ፣ 6 ሰከንድ ወደ ውጭ፣ በደቂቃ 6 ጊዜ፣ ለ10 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ጊዜ። «በጥልቀት ተንፍስ» አትበሉ፣ ሰው ከመጠን በላይ ይተነፍስና ራሱ ይዞራል፤ «ቀስ በል» በሉ። ጡንቻን በተራ እያጠበቁ ማላላት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ፒኤም-ፕላስ (ችግርን የመቋቋም የሥነ ልቦና ድጋፍ) ደግሞ አምስት ሳምንታዊ ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ ነው፣ ሐኪም ያልሆነም ሠልጥኖ ይሰጠዋል። ሲአርፒ በሁለት ሳምንት ይለወጣል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ቢያንስ 8 ሳምንት ይሁን። አንድ ዋርድ ውስጥ ግማሹን አሠልጥኖ ግማሹን መተው አይሠራም፤ ማታ ሲጨዋወቱ ይማማራሉ። ሁለቱ ቡድኖች በተለያየ የክትትል ቀን እንዲመጡ አድርጋችሁ ከፋፍሉ። ሲአርፒያቸው ከፍ ያሉትን ብቻ መርጣችሁ ከጀመራችሁ ያለ ምንም ሥልጠና በሁለተኛው ልኬት ይወርዳል፤ መቆጣጠሪያ ቡድን የግድ ነው። ወዳጃን፣ ማኅበርን፣ ቅሬን (ዕድርን) ሰዎች ራሳቸው ውጥረታቸውን የሚያቀሉባቸው አድርጋችሁ መዝግቡ እንጂ «ሕክምና» ብላችሁ ስም አታውጡላቸው።

መካከለኛ ልዩነት፣ ማለትም የመደበኛ ልይይት (ስታንዳርድ ዲቪዬሽን) ግማሽ፣ በ80 ከመቶ ኃይል (ልዩነቱ ካለ የማግኘት ዕድል) ለማየት በቡድን 64 ሰው ያስፈልጋል፤ 15 ከመቶ ቢያቋርጥ 76። የሲአርፒ ሥርጭት ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ስለሆነ ሎጋሪዝሙን ተንትኑ። በትንተናው ውስጥ የቢኤምአይን (የክብደትና የቁመት ንጽጽር) ተጽዕኖ ማስተካከል ተገቢ ነው፣ ስብ ራሱ ኢንተርሉኪን-6 ያመርታልና። ክብደቱ የጨመረው በውጥረቱ ምክንያት ከሆነ ግን ማስተካከሉ የምትፈልጉትን ውጤት ያጠፋዋል። ሁለቱንም ትንተና አቅርቡ። ጣልቃ ገብነቱ ሲአርፒን ሳይለውጥ እንቅልፍንና የውጥረት ነጥብን ካሻሻለ ያን በግልጽ ጻፉ። በዚህ መስክ የሚታየው የመቆጣት ለውጥ በአብዛኛው ትንሽ ነው፤ ያላገኙትን መሸፈን ቀጣዩን ተማሪ ያሳስታል።

ፒኤችኪው-9ን የምትጠቀሙ ከሆነ ዘጠነኛው ጥያቄ ራስን ስለ መጉዳት ነው። መልሱ ከዜሮ በላይ የሆነ ሰው በዚያው ቀን፣ ከግቢው ሳይወጣ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ሊያየው ይገባል። የባለሙያው ስምና የሥራ ሰዓት የሥነ ምግባር ኮሚቴው ከሚያጸድቀው ሰነድ ጋር ይያያዝ። ሲአርፒው ከ10 በላይ የሆነ ሰውም ውጤቱ መሳቢያ ውስጥ አይቅር፤ ይጠራ፣ በሐኪም ይታይ፣ በሁለት ሳምንቱ ይደገም። ስልኩ ካልሠራ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በኩል መልእክት ይላክ፣ ምክንያቱ ሳይነገር፣ «ለቀጠሮ ይምጡ» ተብሎ ብቻ፤ የመመለሻው የመኪና ገንዘብም ከነርሷ እጅ ይሰጠው።